መልስ፦ የመሃል ዳኛው እያለ ለምን ሌሎች ይፈርዳሉ?

ወንድሜ፣ «በቦክስ፣ ሪንግ ውስጥ ያለው ዳኛ ቦክሰኞቹ አጠገብ ቆሞ እያየ ነጥቡን ለምን ሌላ ሰው ይሰጣል?» ላልከው፣ ሥራቸው ለየቅል ነው። የመሃል ዳኛው ሲተቃቀፉ ያላቅቃል፣ ጥፋት ይቀጣል፣ ለወደቀው ይቆጥራል። አስር ከሞላ አለቀ። ቦክሰኛው ዓይኑ ከፈዘዘ ደግሞ ሳይወድቅም ግጥሚያውን ያስቆማል። ከባዱ ሥራ ይሄ ነው፣ የሰው ሕይወት እጁ ላይ ነው።

በፕሮፌሽናል ቦክስ ነጥብ የሚይዙት ሦስት ዳኞች ከሪንጉ ዳር በተለያየ አቅጣጫ ይቀመጣሉ። ዙሩን ያሸነፈ 10፣ የተሸነፈ አብዛኛውን ጊዜ 9 ያገኛል። አንዴ ከወደቀ 8።

ጉድ ማየት ከፈለግክ በ1988 እ.ኤ.አ. የሴኡል ኦሎምፒክን ፍጻሜ ፈልገህ እይ። አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ ጁኒየር ኮሪያዊውን ፓርክ ሲ ሁንን ሦስት ዙር ሙሉ ቀጠቀጠው። ያረፈው ቡጢ ሲቆጠር 86 ለ 32 ነበር። በኦሎምፒኩ ነጥብ የሰጡት አምስት ዳኞች ግን 3 ለ 2 ለባለሜዳው ፈረዱ! የባሰው ደግሞ፣ የውድድሩ ምርጥ ቦክሰኛ ተብሎ የተሸለመው ያው ጆንስ ነው።

ከዚያ በ1992 ባርሴሎና ላይ በኮምፒውተር መቁጠር መጣ። ቡጢ ሲያርፍ ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቁልፍ ካልተጫኑ ነጥቡ አይመዘገብም ነበር።