መልስ፦ ስካፎልዲንግ ለግንበኛና ለተማሪ

ወንድሜ፣ «ስካፎልዲንግ የግንባታ ቃል አይደለም እንዴ? ትምህርት ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለሃል። ልክ ነህ፣ ቃሉ የመጣው ከዚያው ነው።

እዚሁ ጎንደር ፎቅ ሲሠራ ባሕር ዛፉ በሚስማር እየተያያዘ ግድግዳውን ተከትሎ ሲወጣ አይተህ ይሆናል፤ ስካፎልዲንግ ማለት ያ መወጣጫ ነው። የሚሸከመው ሕንፃውን ሳይሆን ሠራተኛውን ነው። ሥራው ሲያልቅ ይፈታል።

በ1976 እ.ኤ.አ. ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ቃሉን ልጅን ለሚያግዝ አስተማሪ ተጠቀሙበት። ልጁ ብቻውን ያልቻለውን ትደግፈዋለህ፤ ሲችል እጅህን ትሰበስባለህ።

የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ያውቀዋል። መጀመሪያ ሀሁ በተራው፣ በዜማ ይባላል። ዜማው ልጁን ይዞት ይሄዳል። ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣና ያንን ተራ ያፈርሰዋል። አሁን በቃል መውረድ የለም፤ ስንደዶው ያረፈበትን ፊደል ራሱን ማየት ግድ ነው።

ብዙዎቻችን የምንስተው ድጋፉን በጊዜው ማንሳቱን ይመስለኛል። መልሱን ነግሮ ማስጻፍማ ድጋፍ አይባልም።