ከናዳው በኋላ የሚሣል ሥዕል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው የወረደባቸው ናቸው። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በሥነ ጥበብ አማካይነት ለተረፉት ስለሚሰጥ ድጋፍ ናቸው።

«አንድ ተማሪዬ ወረቀት በሰጠሁት ቁጥር ተራራ ብቻ ይሥልና ወረቀቱ እስኪቀደድ በጥቁር እርሳስ ያጠቁረዋል። ምን ማለቱ እንደሆነ ልጠይቀው?» (መምህርት)

ትርጉሙን እንዲያስረዳዎት አያስገድዱት፤ እርስዎም አይተርጉሙለት። አጠገቡ ተቀምጠው «ስለ ሥዕልህ ልትነግረኝ ትፈልጋለህ?» ቢሉት ይበቃል፤ ዝም ካለም ይተዉት። ልጆች በቃል ሊናገሩት ያልቻሉትን በሥዕልና በጨዋታ ደጋግመው ማውጣታቸው የተለመደ ሲሆን፣ ብዙዎቹን የሚያረጋጋቸው የትምህርት ሰዓታቸው እንደ ወትሮው መቀጠሉና የሚያምኑት ሰው አለመለየቱ ነው። ነገር ግን ሥዕሉ ለሳምንታት ሳይለወጥ ከተመላለሰ፣ ልጁም እንቅልፍ ካጣ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ ወይም ስለ መሞት ካወራ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግረው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። በክፍል ውስጥ መሣል ያጽናናል እንጂ፣ ሕክምና የሚባለው የሠለጠነ ባለሙያ ሲመራው ነው።

«ከአዲስ አበባ ቀለምና ወረቀት ይዘን ልንሄድ ነው። ሰው እህል በሚሻበት ሰዓት ይህ ቅንጦት አይሆንም?» (ወጣት ሠዓልያን)

እህልና መጠለያ ካልቀደሙ ይሆናል። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ የሥነ ልቦና ድጋፍ መመሪያም ድጋፉን እንደ ፒራሚድ ደርድሮ መሠረቱን ደኅንነትና መሠረታዊ ፍላጎቶች ያደርግና፣ ከዚያ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍን፣ በጥቂቶች ዘንድ ለሚያስፈልገው ልዩ ሕክምና ደግሞ ጫፉን ይሰጣል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ከዞኑና ከወረዳው ኃላፊዎች ጋር ተነጋገሩ፤ ጎፍኛ የሚናገሩ የአካባቢው መምህራንን አሠልጥኑ፤ ቀለሙንም ለእነርሱ ትታችሁላቸው ተመለሱ። ሕዝቡ የሚያለቅስበት የራሱ የለቅሶ ዜማ እንዳለውም አትዘንጉ፤ የእናንተ ሥራ እርሱን መተካት አይደለም። ማንንም «የደረሰብህን ተርክልን» አትበሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት አደጋ ያለፈባቸውን ሰዎች ወዲያው በአንድ ስብሰባ ሁሉን እንዲተርኩ ማድረግን አይመክርም።

«የልጆቹን ሥዕል አሳይተን ገንዘብ ብናሰባስብስ?»

ልጁና አሳዳጊው በግልጽ ካልፈቀዱ፣ አይሆንም። ቢፈቅዱም የልጁ ስም፣ ፊትና ቀበሌ አይገለጥ፤ ሥዕሉም በጠየቀ ጊዜ ይመለስለት።