ክፉው ሰውዬ የስፓይደርማንን ልብስ ሲለብስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው እትም «ሱፒሪየር ስፓይደርማን» የተባለውን ኮሚክ ሰማይ ሰቀሉት። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለውን «አሜዚንግ ስፓይደርማን» ቁጥር 700ን ሳነብ ደሜ ፈላ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ፒተር ፓርከር፣ ማለት ስፓይደርማን፣ በጠላቱ በዶክተር ኦክቶፐስ ገላ ውስጥ ሆኖ ሞተ። ያ ጠላቱ ደግሞ የፒተርን ገላ ቀምቶ፣ ልብሱን ለብሶ፣ የሰውየውን አክስት «አክስቴ» እያለ ይኖራል። ይሄ ታሪክ ነው ወይስ ስድብ? ደራሲው ሐሳብ ስላለቀበት አይደለም? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ልጄ፣ ቁጣህ ይገባኛል። እኔም ያን ገጽ ስጨርስ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዝም ብዬ ግድግዳ ሳይ ነበር። አያቴ በሕይወት ኖራ ብነግራት «ዛር ነው፤ ይጨስለት» ብላ በአንድ ቃል ትገላገለው ነበር።

አንተ ግን ብቻህን አይደለህም። ቁጥር 700 የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ነው። ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት መጨረሻው ሾልኮ ወጣና ደራሲው ዳን ስሎት የግድያ ዛቻ ሳይቀር ደረሰው። ለኮሚክ! አንተ እንኳን በጨዋ ደንብ ደብዳቤ ጻፍክ፤ እግዜር ይስጥህ።

አሁን ወደ ነገሩ። ፒተር ሲጀምር ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር ታስታውሳለህ? እ.ኤ.አ. በ1962 ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ ሲፈጥሩት ኃይል አግኝቶ ጉረኛ የሆነ ልጅ ነበር። ኃይሉን ያገኘ ሰሞን ገንዘብና ዝና ነው የፈለገው። ሌባ በአጠገቡ ሲሮጥ «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ አሳለፈው፤ ያው ሌባ አጎቱን ቤንን ገደለው። ይሄ ሁሉ በ11 ገጽ አለቀ። ጉረኛው ልጅ በ11 ገጽ ጀግና ሆነ፤ እኛም አመንን።

ስሎት ያደረገው ያንኑ መንገድ በዝግታ ማስኬድ ነው። ኦቶ ኦክታቪየስ፣ ማለት ዶክተር ኦክቶፐስ፣ ስፓይደርማን ለዓመታት ሲደበድበው የኖረ፣ ገላው አልቆ አልጋ ላይ የሚሞት ሰው ነው። ፒተር ሊሞት ሲል ትዝታውን በሙሉ ወደ ኦቶ ጭንቅላት አሻገረለት። የአጎት ቤን ሞት፣ ጸጸቱ፣ ሁሉም ተጫነበት። ኦቶ እዚያው ማለ፦ ስፓይደርማን እሆናለሁ፣ ከአንተም እበልጣለሁ አለ። «ሱፒሪየር»፣ ማለት የሚበልጥ፣ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ደግሞ በለጠ! ትናንሽ የሸረሪት ሮቦቶች ኒው ዮርክ ላይ በትኖ ከተማውን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ፒተር ያልጨረሰውን ዶክትሬት ጨረሰ። በነገራችን ላይ እዚያ ከትከት ብዬ ስቄያለሁ፤ ፕሮፌሰሩ «ከኦክታቪየስ ሥራ ገልብጠሃል» ብሎ ከሰሰው። የራሱን ሥራ! ምን ብሎ ይከራከር? አክስት ሜይም ብትሆን፣ በ1970ዎቹ ኮሚክ ኦቶ ሊያገባት ተሞሽረው ነበር። አሁን አክስቱ ሆነችና አረፈችው።

ግን ሱፒሪየር ቁጥር 5 ላይ ማሳከር የሚባለውን ገዳይ ትጥቁን ካስፈታው በኋላ በጥይት ገደለው። ፒተር ይህን በፍጹም አያደርግም። ታሪኩ የሚጠይቀው እዚህ ጋ ነው፦ ኃይሉ ያው፣ ትዝታው ያው፣ ጭንቅላቱ እንዲያውም የሰላ፤ ታዲያ ምን ጎደለ? መልሱ የሚመጣው ቁጥር 30 ላይ ነው። የሚወዳት አና ማሪያ በሌላው የስፓይደርማን ጠላት በአረንጓዴው ጎብሊን እጅ ወደቀች። ኦቶም ሊያድናት የሚችለው ፒተር እንጂ እሱ እንዳልሆነ ገባውና ራሱን ከዚያ ጭንቅላት አጥፍቶ ገላውን መለሰ። ያ ትዕቢተኛ ሰው! ሐሳብ ያለቀበት ደራሲ ይህን አይጽፍም።

በሁለት ነገር ግን አልከራከርህም። አንደኛ፣ በዙሪያው ያሉት አለመንቃታቸው አይዋጥም። የጀግኖቹ ቡድን አቬንጀርስ ተጠራጥረው፣ አስገብተው፣ መርምረው ለቀቁት፤ እኔ የሰፈሬ ባለሱቅ ሰላምታው ሲለወጥ አውቃለሁ። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ አካባቢ በፒተር ገላ የፒተርን የቀድሞ ፍቅረኛ ሜሪ ጄንን ሊያሽኮረምም ሲሞክር ይዘገንናል። ቶሎ መተዉ በጀ እንጂ እኔም እዚያው አቆም ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ ስፓይደርማንን በፊልም ብቻ ነው የማውቀው። ይህን ታሪክ ከየት ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ «አሜዚንግ ስፓይደርማን» ከቁጥር 698 እስከ 700 አንብቢ። ከዚያ ሱፒሪየርን ያዢ፤ ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ቁጥር 31 ላይ ያልቃል። ከቸኮልሽ መሐል መሐሉን መዝለል ይቻላል። ቁጥር 8ን ግን አደራ። ኦቶ አንዲት ትንሽ ልጅ አእምሮዋን በቀዶ ጥገና ያድንላታል፤ እሷም አሻንጉሊት ፔንጉዊኗን ትሰጠዋለች። ሲቀበላት ፊቱን እዪልኝ።