ስፖኪዮውን የሰበረው ልጄ ነው፤ ከፋዩ ማነው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የ16 ዓመት ልጄ የጓደኛውን ብስክሌት ተውሶ ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ አልይዝ ብሎት ከቆመ የጎረቤታችን ቪትዝ ጋር ተላተመ። ስፖኪዮው ተሰበረ፤ የኋላ በሩም ጎደጎደ። ጋሽዬ ባለመኪናው «በሩ በአዲስ ይቀየር፤ አለዚያ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ» ይላሉ። ባለቤቴ መተማ ሰሊጥ ላይ ነው፤ እስከ ኅዳር አይመለስም። ነገሩ እስኪበርድ ብዬ ልጁን አዘዞ እህቴ ቤት ሰድጄዋለሁ። ሕጉ እኔን ያስከፍለኛል?
የልጅ እናት፣ ከአራዳ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልጁን ከአዘዞ አስመልሺው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2124፣ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ለሚጠየቅበት ጉዳት አባቱን ኃላፊ ያደርጋል። «መተማ ነበርኩ፣ አላየሁም» ማለት አባትን አያድነውም። ቁጥር 2125 ኃላፊነቱን ወደ እናት የሚያዞረው የአባትን ሥልጣን ይዛ ልጁን የምታስተዳድረው እሷ ስትሆን ነው። ባለቤትሽ ለሥራ ስለራቀ ብቻ ያ ወዳንቺ አይዞርም። ያም ሆኖ ገንዘቡ የሚወጣው ከአንድ ጓዳ ነውና ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪው፤ ከሰው አፍ እንዳይሰማው።

ፖሊሱ አያስጨንቅሽ። ልጁ ሆን ብሎ አላበላሸውም፤ ጉዳዩ የካሳ ነው። ካሳውም በጉዳቱ ልክ ነው። በሩ ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ተደርጎለት፣ ተቀብቶ የሚድን ከሆነ አዲስ በር ግዢ አትባዪም። ከባለመኪናው ጋር ሁለት ጋራዥ ሄዳችሁ የላሜራ ሠራተኞቹን ዋጋ በጽሑፍ ተቀበሉ። ስፖኪዮው ግን ይገዛላቸው፤ እሱ ላይ አትከራከሪ።

ልጁን ስለ መደበቅሽ ግን ዝም ማለት አልችልም። ታናሽ ወንድሜ በ14 ዓመቱ ወንጭፍ ሲወረውር የአንድ ሰይቼንቶ የፊት መስታወት ሰበረ። አባታችን አልመታውም። ድንጋዩን ከመሬት አንስቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለትና «ይዘኸው ና» አለው። እኔም ከኋላ ተከተልኳቸው። ባለመኪናው በሩን ሲከፍቱ ወንድሜ አፉ ተሳስሮ ድንጋዩን ብቻ ዘረጋላቸው። ሰውየው ተቀብለው ጠረጴዛቸው ላይ አኖሩትና «ግቡ» አሉን። ቡና ተፈላ። አባቴ የመስታወቱን ዋጋ በሦስት ደመወዝ ከፍሎ ጨረሰ፤ ወንድሜም ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን አጠበ። ዳኛ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ጎረቤት ለጎረቤት ሲካሰስ ባየሁ ቁጥር ያ ድንጋይ ትዝ ይለኛል። ብዙዎቹ ችሎት የመጡት ከብሩ ይልቅ «ልጁ እንኳ ይቅርታ አላለኝም» ብለው ነበር።

ስለዚህ ልጁ አዘዞ ሆኖ የምትልኪው ሽማግሌ ጋሽዬን የባሰ ያስቆጣቸዋል። እሱ ራሱ በሩን ያንኳኳ፤ አንቺ ከኋላው ቁሚ። አንድ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይኑሩ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላልሽ ሰሊጡ ሲሸጥ የሚከፈለውን ለይታችሁ ጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ምስክሮችም ይፈርሙ። በሰጠሽ ቁጥር ደረሰኝ ተቀበይ። ባለመኪናው ለመክሰስ 2 ዓመት አላቸውና «ተረሳ» ብለሽ አትዘናጊ።

ብስክሌቱንም ልጁ ፍሬኑን ሳያሠራ ለጓደኛው አይመልስ።