ከሼፊልድ በባቡር ሩብ ሰዓት፦ ልጆቼ ገጠሩን የለመዱበት መንገድ

እህቴ፣ ሰላም ለቤትሽ። ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ሼፊልድ ከገባችሁ ሦስት ዓመት ሆኗችኋል። የ11፣ የ7 እና የ3 ዓመት ልጆች አሉሽ። ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ወይ ስልክ ላይ ተጥደው ይውላሉ፣ ወይ የገበያ ማዕከል ሄዳችሁ ብር በትናችሁ ትመለሳላችሁ። መኪና የላችሁም። «ገጠሩ ቅርብ ነው ይላሉ፤ ግን ከየት ይጀመራል? ልጆቼንስ ምን ሆቢ ላስይዛቸው? ደግሞስ እኛን የመሰለ ሰው እዚያ ይሄዳል ወይ?» ብለሻል።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ልቤን ነካችው። እኔም ከ14 ዓመት በፊት ልክ እንደዚሁ ነበር የማስበው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ብዙ ቦታ ለማየት አትቸኩዪ። አንድ መንገድ ምረጪና ዓመቱን ሙሉ እሱኑ ተመላለሱበት። እኛ ስንጀምር በየሳምንቱ አዲስ ቦታ እንፈልግ ነበር። አንድ ቀን የመኳንንት ቤት፣ ሌላ ቀን ዋሻ፣ ሌላ ቀን የእንስሳት እርሻ። በየበሩ ይከፈላል። ልጆቹ ገና ሳይደርሱ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ይላሉ። እኔና ባለቤቴም ዝለን እንገባለን። አንድ ቦታ መደጋገም ስንጀምር ግን ሁሉም ነገር ቀለለ። ልጅ የሚያውቀው ዛፍ፣ የሚወጣበት ድንጋይ፣ የወደቀበት ጅረት ሲኖረው ቦታውን ቤቱ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ዓርብ ማታ «ነገ እንሂድ» የሚለው እሱ ራሱ ነው።

የእኛ መንገድ ፓድሊ ጎርጅ የሚባለው ጫካማ ሸለቆ ነው። ከሼፊልድ ጣቢያ ወደ ማንቸስተር ከሚሄዱት ባቡሮች በየትንንሹ ጣቢያ የሚቆመውን ትይዣለሽ። ከከተማ እንደወጣ ቶትሊ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ከ5 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ጨለማ ነው። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ብርሃን እስኪመጣ ድረስ ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር። ብርሃኑን ስታዩ ግሪንድልፎርድ ደርሳችኋል፤ ጣቢያው እዚያው ዋሻው አፍ ላይ ነው። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ለቤተሰብ የሚሆነውን የባቡር ቅናሽ ካርድ አውጪ፤ ከአዋቂው ዋጋ ሲሶውን፣ ከልጆቹ ደግሞ 60 በመቶውን ይቀንሳል። የሦስት ዓመቱ ልጅሽ በነፃ ነው የሚሳፈረው።

ከጣቢያው ትንሽ ከተራመዳችሁ መንገዱ ጫካ ውስጥ ገብቶ ሽቅብ ይወጣል። በርቤጅ ብሩክ የሚባለው ጅረት በጎናችሁ እየተንደረደረ ይወርዳል። ድንጋዩ ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል። የልጅ ጋሪ ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ ሥሩና ድንጋዩ አያስኬድም። ለትንሹ አንቀልባ ያዢ። እኔ አንቀልባ አዝዬ ስሄድ ስንት ሰው አስቁሞ እንደጠየቀኝ! አንድ ቦታ የወደቀ ግንድ አለ፤ ሰዎች በድንጋይ እየመቱ ሳንቲም የሰኩበት። ከላይ እስከ ታች እንደ ዓሣ ቅርፊት ሳንቲም ለብሷል። ለልጅ ከዚያ የበለጠ ምን መዝናኛ አለ? ከጫካው ስትወጡ ሎንግሾ የሚባለው ሜዳ ይከፈታል። ጅረቱ እዚያ ጋ ሰፍቶ እግር የሚነከርበት ይሆናል። ሽንት ቤትም ሻይ ቤትም አለ። ለአዋቂ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ግን ግማሽ ቀን ነው። እንደ ልጁ ሂዱ።

አሁን ስለ አማቴ ላውራሽ፤ መልሴ እሷ ውስጥ ነውና። አማቴ የመንዝ ሰው ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ኦገስት ላይ እኛን ልትጠይቅ መጣች። ፍልሰታ ነበር፤ ቆሎና ዳቦ ቋጥረን ወጣን። ከተማው ውስጥ ሳለች ዝም ብላ መስኮት ላይ የምትቀመጥ ሴት፣ ከባቡሩ ስትወርድ እግሯ ተፍታታ። የድንጋዩን አጥር አይታ «ይሄማ ካብ ነው!» አለች። እውነትም ካብ ነው። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። በእጇ ነካ ነካ አድርጋ «ጎበዝ ነው የካበው» ብላ አለፈች። ከሸለቆው በላይ አሮጌ የድንጋይ ማውጫ አለ፤ እዚያ ተፈልፍለው ገዢ ያጡ የወፍጮ ድንጋዮች ሣር ውስጥ ተጋድመው ቀርተዋል። ይህ ሁሉ ያለበት የፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ምልክቱ ራሱ የወፍጮ ድንጋይ ነው። አንዱ ላይ ተቀምጣ ቆሎዋን ቆረጠመች።

ከዚያ ልጄን ሳማ ለበለበው። የእንግሊዝ ሳማ ከእኛው ቢለይም ሲነካሽ ያው ነው። ልጁ እያለቀሰ እግሩን ይዟል። አማቴ ወዲያ ወዲህ አየችና ሰፊ ቅጠል ቀንጥሳ በመዳፏ አሽታ ቀባችው። ቱልት ነበር፤ እነሱ ዶክ ይሉታል። በአጠገባችን የሚያልፉ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ቆም ብለው ያንኑ ቅጠል በጣታቸው ሊያሳዩን ነበር። ተያዩና ሳቁ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፤ መድኃኒቱን ግን ሁለቱም ከእናታቸው ተምረውታል። ከፍ ብሎ ያለው ገላጣ ደጋ በኦገስት ሐምራዊ ይሆናል። ሄዘር የሚሉት ቁጥቋጦ ነው፤ የእኛ አስታ ዘመድ። እሷም «አስታ ነው፤ አጠረ እንጂ» አለች።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የበግ ጠጉሩን ነው። የሽቦ አጥር ላይ በጎቹ ሲታከኩ የቀረ ጠጉር ይንጠለጠላል። አማቴ እየሄደች ለቀም ለቀም አደረገችው። ስንቀመጥ በሁለት ጣቷ ትስበው፣ ትጠመዝዘው ጀመር። ከጣቶቿ መሃል ክር ወጣ። የዚያን ጊዜ የ6 ዓመት ልጅ የነበረችው ትንሿ ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች። አሁን ያቺ ልጅ ከአገር ቤት የመጣ እንዝርት አላት። በወጣን ቁጥር ከረጢት ይዛ ጠጉር ትለቅማለች፤ ቤት ስትገባ አጥባ ትፈትላለች። እስካሁን የፈተለችው አንድ አነስተኛ ኳስ ያህላል። ለአያቷ ባና ልሠራላት ነው ትላለች።

«ልጆቼን ምን ሆቢ ላስይዛቸው?» ላልሽው መልሴ ይህ ነው። አስቀድመሽ አትምረጪላቸው። ያቺው አንድ መንገድ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ትሰጣቸዋለች። ትልቋ ልጄ ወፍ ላይ ቀረች። ፓድሊ ጎርጅ ውስጥ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ጥቁርና ነጭ የሆነ ትንሽ ወፍ ይመጣል። ፓይድ ፍላይካቸር ይባላል። የብርዱን ወራት በምዕራብ አፍሪካ አሳልፎ ለመራባት ነው እዚህ የሚመጣው። ይህን ያነበበች ዕለት «እሱም ከአፍሪካ ነው የመጣው!» ብላ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። ከቻሪቲ ሾፕ ያገለገለ መነጽር ገዛንላት፤ አጉልቶ የሚያሳየውን ማለቴ ነው። በጃንዋሪ መጨረሻ ደግሞ አገሩ ሁሉ በየጓሮው ለአንድ ሰዓት ወፍ የሚቆጥርበት ሰሞን አለ። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሚደረግ ነው። መውጣት በማይቻልበት ብርድ ከመስኮት ሆናችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ምንም አያስከፍልም።

ወንዱ ልጄ ብስክሌት ነው። ቤክዌል አጠገብ ሞንሳል ትሬይል የሚባል መንገድ አለ። የባቡር ሐዲድ ነበር። በ1968 ተዘጋ፤ ዋሻዎቹ በ2011 ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈቱ። 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ መኪና የለበትም፣ ዳገትም እምብዛም የለውም። ብስክሌት ሃሶፕ ጣቢያ ላይ ይከራያል። የ7 ዓመቱ ልጅሽ ገና እየተማረ ከሆነ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የእኔው ልጅ ዓሣ ማጥመድም ሞክሯል። ከ13 ዓመት በታች ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ከ13 እስከ 16 ፈቃዱ በነፃ ነው፤ አንቺ ዘንጉን ከያዝሽ ግን ትከፍያለሽ። ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ወንዝ ላይ አብዛኛው ዓሣ እንዳይጠመድ ይከለከላል። ከዚህ የበለጠ እኔም አልገባሁበትም፤ ትዕግሥቱ የልጁ ነው።

ባለቤቴ መሬት ነው የሚወደው። ከማዘጋጃ ቤቱ አትክልት የሚተከልበት ቦታ ለመከራየት ተመዝግቦ ዓመታት ጠበቀ። አሁን ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት አለን፤ ጤና አዳሙ በማሰሮ ነው። ተራው ስለሚረዝም ዛሬውኑ ተመዝገቡ።

እኔ ካርታ ነኝ። አንድ ጊዜ ስታኔጅ የሚባለው የገደል አፋፍ ላይ ጉም ወረደብን። ልጆቹ አብረውን ናቸው፣ ስልኩ ኔትወርክ የለውም፣ አሥር እርምጃ ፊት ለፊት አይታይም። ቁጭ ብለን እስኪገለጥ ጠበቅን። ያን ጊዜ የፈራሁትን ፍርሃት አልረሳውም። በሳምንቱ የአገሩ ካርታ ሠሪ ድርጅት፣ የኦርድናንስ ሰርቬይን ብርቱካናማ ካርታ ገዛሁ፤ 4 ሳንቲ ሜትሩ 1 ኪሎ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ካብ ሳይቀር ተሥሎበታል። አረንጓዴዎቹ የተቆራረጡ መስመሮች ማንም ሰው በሕግ የመሄድ መብት ያለባቸው መንገዶች ናቸው። መሬት ላይ ደግሞ ቢጫ ቀስት ታያለሽ፤ ቢጫው ለእግረኛ ነው፣ ሰማያዊው ፈረስና ብስክሌትም ያሳልፋል። መንገዱ በሰው እርሻ መሃል ቢያልፍ እንኳ ማለፍ መብትሽ ነው። በሩን እንዳገኘሽው ትተሽ ሂጂ፣ ሰብል አትርገጪ፣ በላምና በጥጃዋ መሃል አትግቢ። ይህን ያገሬ ሰው ሳይነገረው ያውቃል።

ወደ መጨረሻዋ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ አንዳንዴ ዓይን ያርፍብሻል። ካርታ ይዤ ቆሜ «ጠፍታችሁ ነው?» የተባልኩበት ቀን አለ፤ አጠያየቁም ደግ አልነበረም። ብዙው ሰው ግን ሰላም ብሎሽ ነው የሚያልፈው። ይልቅ ይህን ታሪክ ያዢ። እዚሁ ፒክ ዲስትሪክት ውስጥ ኪንደር ስካውት የሚባል 636 ሜትር የሆነ ደጋ አለ። ድሮ ባለርስቶች ለወፍ አደን አጥረው ይዘውት ሕዝብ አይገባበትም ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 1932 የፋብሪካ ሠራተኞችና ወጣቶች በመቶዎች ሆነው «እንገባለን» ብለው ወጡበት። አምስቱ ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ከመሪዎቹ አንዱ የ20 ዓመቱ ቤኒ ሮትማን ነበር፤ ከሩማንያ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ልጅ። ፒክ ዲስትሪክት በ1951 የአገሩ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ2000 በወጣው ሕግ ደግሞ ካርታ ላይ በተመለከተው ገላጣ ደጋ ሁሉ ማንም በእግሩ መሄድ ይችላል። ሎንግሾንም ቢሆን በ1920ዎቹ ኤቴል ሄይቶርንትዌይት የምትባል የሼፊልድ ሴት አስተባብራ ነው ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ያተረፈው። የስደተኛ ልጅ ታስሮበት የተከፈተ ደጋ ላይ ልጆችሽ ቢሮጡ ማን ምን ይላል? ይህን ለልጆቼ ኪንደር ላይ ቆሜ ነግሬያቸዋለሁ። ትልቋ ጸጥ ብላ ሰማችኝ።

አሁን ጥቂት የጓዳ ነገር። ቀኑ ብራ ቢመስልም ዝናብ የማያስገባ ጃኬት አይቅር። የልጅ ቦት ጫማ አዲስ አትግዢ፤ በስድስት ወር ይጠባቸዋል፣ ቻሪቲ ሾፕ ሞልቷል። ቡናውን ቤት አፍልተሽ በፔርሙዝ ያዢ። ደጋው ላይ እሳት ማንደድ ነውርም አደጋም ነው፤ አፈሩ ራሱ ይነዳል። ረጅም ሣር ውስጥ ከዋላችሁ ማታ የልጆቹን እግርና ብብት ለመዥገር እዪ። ዲሴምበር ላይ በፈረንጅ 4 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻልና ማልዳችሁ ውጡ። እሁድ ቅዳሴ ስለሚረዝም የእኛ ቀን ቅዳሜ ነው።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ደግሞ እንጆሪው ይበስላል። ሴፕቴምበር 11 አካባቢ በየካቡ ጥግ ጥቁር ሆኖ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ልጆቼ አደይ አበባ አያውቁም። አዲስ ዓመት ለእነሱ በእንጆሪ የጠቆረ ጣት ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ዝናብ ካልጣለ እኛ እንወጣለን። ፕላትፎርሙ ላይ እንጠብቃችኋለን፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ሰዓቱን ልንገርሽ። ለትንሹ ሁለት ትርፍ ካልሲ ያዢለት። ያቺ ጅረት ጋ ሲደርስ ዘሎ መግባቱ አይቀርም።