አልጠፋም ላለ ፋይል ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆች፣ የአይቲ ሥራ ስትጀምሩ «ይሄ ፎልደር እምቢ አለኝ፣ አጥፉልኝ» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ከየትም ያገኛችሁትን ባች ፋይል (የዊንዶውስ ትእዛዞች በተራ የተጻፉበት ስክሪፕት) በአድሚኒስትሬተር ከማስነሳታችሁ በፊት ዊንዶውስ ያወጣውን መልእክት አንብቡ። እምቢታው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተከፍቷል ካለ፣ ፈቃድ መቀየር ምንም አይፈይድም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ሪሶርስ ሞኒተርን ክፈቱ፤ ሲፒዩ በሚለው ገጽ «አሶሲዬትድ ሃንድልስ» ላይ የፋይሉን ስም ብትጽፉ የያዘውን ፕሮግራም ያሳያችኋል። እሱን ዝጉና እንደገና ሞክሩ። «አክሰስ ዲናይድ» (ፈቃድ የላችሁም) ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ የባለቤትነት ጉዳይ ነው፤ ከሌላ ኮምፒውተር ተነቅሎ በመጣ ሃርድ ዲስክ ላይ ይበዛል። መጀመሪያ በ«ቴክኦውን» (takeown) ትእዛዝ ባለቤትነቱን ውሰዱ፣ ከዚያ በ«አይካክልስ» (icacls) ለራሳችሁ ሙሉ ፈቃድ ስጡ። እነዚህን ሁለቱን የዊንዶውስ የራሱ ፎልደር ላይ የሚሞክር ሰው ግን ቀጥሎ የሚጠብቀው ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ሊሆን ይችላል። ስሙና አድራሻው ተደምሮ ከ260 ፊደል ገደማ ያለፈ ፋይልም ያስቸግራል። ለዚህ ባዶ ፎልደር ፍጠሩና በ«ሮቦኮፒ /ሚር» (robocopy /mir) ባዶውን በሞላው ላይ ገልብጡ፤ በትእዛዙ ውስጥ ባዶው ይቀድማል፣ የሚጠፋው ይከተላል።

አሁን ወደ ስክሪፕቱ እንምጣ፤ ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ነው። «አርዲ /ኤስ /ኪው» (rd /s /q) የሚለው ትእዛዝ ፎልደሩን ከነሆዱ ያጠፋል፣ አይጠይቅም፣ ወደ ሪሳይክል ቢንም አይልክም። ስለዚህ ማጥፊያው መስመር ላይ ከመድረሱ በፊት ያለው ሁሉ ትክክል መሆን አለበት።

ብዙ ጀማሪ በ«ሲዲ» (cd) ወደ ፎልደሩ ይገባና ቀጥሎ «ዴል» (del፣ ማጥፊያው ትእዛዝ) ይላል። ከሲ ድራይቭ ወደ ዲ ስትሄዱ «/ዲ» ካልጨመራችሁ «ሲዲ» ድራይቭ አይቀይርም። በአድሚኒስትሬተር የተነሳ ባች ፋይል ደግሞ ሥራውን የሚጀምረው ከሲስተም 32፣ ከዊንዶውስ የራሱ ፎልደር ውስጥ ነው። በዚያ ላይ የኔትወርክ ድራይቮች በአድሚኒስትሬተር መስኮት አብዛኛውን ጊዜ አይታዩም፤ «ሲዲ» ይከሽፋል፣ ስክሪፕቱ ግን አይቆምም። የሚቀጥለው «ዴል» የሚያርፈው የት እንደሆነ አስቡት! ከ«ሲዲ /ዲ» መስመር ኋላ ሁለት ቋሚ ሰረዝ (||) አድርጋችሁ «ኤግዚት /ቢ» (exit /b) ጨምሩ፤ መግባት ካልቻለ እዚያው ይቆማል። ከዚህ የሚሻለው ግን ሙሉ አድራሻውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ መጻፍ ነው። ጥቅሱን ከረሳችሁ «ዲ:\የድሮ ፋይል» የሚለውን «አርዲ» እንደ ሁለት ፎልደር ያነበዋል።

ባዶ ቫሪያብልም (ስክሪፕቱ አድራሻ የሚይዝበት ስም) እንዲሁ አደገኛ ነው። ቫሪያብሉ ምንም ካልያዘና ከኋላው የኋሊት ስላሽ ካለ፣ የሚቀረው ስላሹ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የድራይቩ ሥር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የጌም ማከፋፈያው ፕሮግራም የስቲም የሊኑክስ ስክሪፕት በዚሁ ዓይነት ስህተት የተጠቃሚ ፋይሎችን ጠርጎ ነበር፤ የባለሙያ ሥራ መሆኑ አላዳነውም። «ኢፍ ኖት ዲፋይንድ» (if not defined) ብላችሁ ፈትሹ፤ ባዶ ከሆነ ይውጣ።

መጀመሪያ ስታስኬዱት ማጥፊያው መስመር ፊት «ኤኮ» (echo) ጻፉ። ማጥፊያውን ትእዛዝ ከነአድራሻው በስክሪኑ ላይ ያትማል እንጂ ፋይሉን አይነካም። የታተመውን በዓይናችሁ አይታችሁ «ኤኮ»ውን አንሱት።

አገራችን ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚገጥማችሁ የፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ ነው፤ ፋይሎቹን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሰው ሾርትከቶቹን አይቶ ፋይሉ የጠፋ ይመስለዋል፤ ፎርማት አድርጉልኝ ይላችኋል። አታድርጉ። ፋይሎቹ ተደብቀው ነው፤ ፍላሹ ኤፍ ከሆነ ኤፍ ላይ «አትሪብ -ኤች -አር -ኤስ /ኤስ /ዲ» (attrib -h -r -s /s /d) ስትሉ ይወጣሉ፤ ሾርትከቶቹን ከዚያ በኋላ አጥፉ። ስም የሌለው የሚመስል ፎልደር ካያችሁ ግን ከፍታችሁ ሳታዩት አታጥፉት፤ አንዳንዱ ቫይረስ የባለቤቱን ሰነድ ሁሉ የሚያጉረው እዚያ ውስጥ ነው።