ነገ ኦፕራሲዮን ላለበት ሰው፦ ለጀማሪ ነርሶች

ውድ እህት ወንድሞቼ፣

ከተንታ ወይም ከወረኢሉ ደሴ ድረስ የመጣ ሰው «ነገ ኦፕራሲዮን አለዎት» ሲባል ዝም ካለ፣ ልቡ ጸንቷል ብላችሁ አትለፉት። ወንበር ስባችሁ ተቀመጡና «ከሁሉ የሚያስጨንቅዎት የቱ ነው?» በሉ። አስታማሚው ቀድሞ ከመለሰ በሰበብ ውጭ ልካችሁ ድገሙት። አንዱ በዚያው ማሸለብን ይፈራል፤ ሌላው በመሃል መንቃትን፤ ሴቷ ወንድ ፊት መራቆትን። መልሱም እንደየፍርሃቱ ነው።

«እነቃ ይሆን?» ካለ፣ ታካሚው እስኪነቃ ድረስ የማደንዘዣ ባለሙያው የልብ ምቱን፣ ግፊቱንና ኦክስጅኑን እንደሚከታተል ንገሩት። «ምንም አይሆኑም» ግን አትበሉ። ስለ አደጋው ከጠየቀ፣ የስምምነት ቅጹ ላይ ሳይፈርም ሐኪሙን ጥሩለት።

በጀርባ የሚወጋ ማደንዘዣ ከሆነ ሰፋ አድርጋችሁ አስረዱ። ነቅቶ ድምፅ ይሰማል፤ መጎተትና መጫን ይሰማዋል፤ የሚቆርጥ ሕመም ግን ሊሰማው አይገባም፣ ከተሰማው ወዲያው ይናገር። እግሩም ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይደነዝዛል። ይህን ያልሰማ ሰው ሲነኩት «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ይደነግጣል፤ ዋርድ ሲመለስ ደግሞ ሽባ የሆነ ይመስለዋል።

ጾሙን በምክንያቱ ንገሩ፦ በማደንዘዣ ውስጥ የተመለሰ ምግብ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ ለአዋቂ ቅባት ያለው ምግብ 8 ሰዓት፣ ቀላል ምግብ 6፣ ውሃ 2 ሰዓት ከማደንዘዣው ቀድሞ ይቆማል። ችግሩ ያለው አስታማሚዋ እናት ጋ ነው፤ «ባዶ ሆዱን እንዴት ይችለዋል» ብላ ሌሊት አጥሚት ታጠጣዋለች። አጥሚት ምግብ መሆኑን ለእሷም ንገሯት።

ማታ ለዱዓ ተቀምጦ ጫት የቃመም ይኖራል። ጫት የልብ ምትና ግፊት ስለሚጨምር፣ ሳትገሥጹ ለብቻው ጠይቃችሁ ለማደንዘዣ ባለሙያው አሳውቁ። የተገሠጸ ሰው ይደብቃል። ቀለበትና አምባር ይውለቅ፣ በኤሌክትሪክ መቁረጫው ሊያቃጥል ይችላል። ክታብንና ማተብን ግን ሳያስፈቅዱ መበጠስ ነውር ነው፤ ቁስሉ ከሚከፈትበት ቦታ ከራቀ በፕላስተር ማሰር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ጥፍሯ ላይ ሂና ካለ ኦክስጅን መለኪያው ሊሳሳት ስለሚችል ሌላ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ፈልጉ።

ፍርሃት ግፊት ያንራል፤ 5 ደቂቃ አሳርፋችሁ ልኬቱን ድገሙት። ካልወረደ፣ ወይም ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም መዘባረቅ ካለ «ፈርቶ ነው» ብላችሁ አትዝጉት። ስኳር ወርዶ ወይም ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ስኳሩን ለክታችሁ ሐኪሙን ጥሩ።